ቀዩ ምልክት ሲታለፍ

ባቡር ከሩቅ ሲመጣ ሁላችንም የምናየው ሞተሩንና ፉርጎዎቹን ነው። በሐዲዱ ዳር ቆሞ «እለፍ» ወይም «ቁም» የሚለውን ምልክት ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የመኪና ነጂ ድንገት አንድ ነገር ቢያጋጥመው መሪውን ያዞራል፤ ባቡር ግን ከሐዲዱ መውጣት አይችልም፤ ፍሬን ከተያዘም በኋላ ብዙ ርቀት ሳይሄድ አይቆምም። ስለዚህ ነጂው ከዐይኑ ይልቅ ምልክቱን ማመን ግድ ሆኖበታል። ታዲያ ምልክቱ ቢበላሽሳ? ቀዩን ማለፍ የሚፈቀደው መቼ ነው? በማንስ ቃል? ይህ ጥያቄ እንዴት መልስ እንዳገኘ ለአንባብያን በአጭሩ ላቀርብ እወዳለሁ። ምሳሌዎቼን የወሰድሁት ከእንግሊዝ አገር ነው፤ በዚያ ከ1840 ጀምሮ የመንግሥት መርማሪዎች የባቡር አደጋዎችን እየመረመሩ ጽፈዋልና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦገስት 25 ቀን 1861፣ እሑድ ጧት፣ ከብራይተን ከተማ ወደ ሎንዶን ሦስት ባቡሮች ተከታትለው ተነሡ። ደንቡ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ደቂቃ እንዲኖር ያዝዝ ነበር፤ ሦስቱም የተነሡት ግን በ7 ደቂቃ ውስጥ ነው። በመንገዱ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የክሌይተን ዋሻ አለ። በዋሻው ግራና ቀኝ አፍ አንዳንድ የምልክት ጠባቂ ተቀምጦ በቴሌግራፍ ይነጋገር ነበር። የደቡቡ ሔንሪ ኪሊክ፣ የሰሜኑ ብራውን ይባላሉ። ኪሊክ በዚያ ዕለት 24 ሰዓት የሚሠራበት ተራው ነበር።

የመጀመሪያው ባቡር ሲያልፍ ምልክቱ በራሱ ወደ «ቁም» መመለስ ይገባው ነበር። አልተመለሰም፤ ብልሽቱን የሚናገረው ደወል ጮኸ። ኪሊክ ነገሩን ሳያስተካክል ሁለተኛው ባቡር ደረሰበት። ቀይ ባንዲራውን ይዞ ወጥቶ አውለበለበ፤ ዳሩ ግን ሞተሩ አጠገቡ ደርሶ ስለ ነበረ ነጂው ባንዲራውን ይየው አይየው ማወቅ አልቻለም። ባቡሩ ጨለማው ውስጥ ገባ።

ኪሊክ ወደ ቴሌግራፉ ተመልሶ ዋሻው ነጻ መሆኑን ጠየቀ። በዚያችው ደቂቃ የመጀመሪያው ባቡር በሰሜን በኩል ወጣ፤ ብራውንም ይህንኑ አይቶ ነጻ ነው ሲል መለሰ። ኪሊክ ግን የወጣው ሁለተኛው መሰለው። ለሦስተኛው ባቡር ነጭ ባንዲራ አሳየ፤ በዚያ ዘመን ነጭ ማለት «እለፍ» ነበር።

የሁለተኛው ባቡር ነጂ ግን ቀዩን አይቶት ኖሯል። ባቡሩን በዋሻው ውስጥ አቁሞ፣ ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር። ሦስተኛው ባቡር በጨለማ መጥቶ መታው። 23 ሰዎች ሞቱ፤ 176 ቈሰሉ።

ይህን ታሪክ ሳነብ እጅግ የገረመኝ ከሦስቱ አንድም የዋሸ አለመኖሩ ነው። ብራውን ያየውን ተናገረ። ነጂው ቁም ቢሉት ቆመ። ኪሊክም ሳይጠይቅ አልፈቀደም። በጥያቄውና በመልሱ መካከል የጐደለው «የትኛው ባቡር?» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ባቡሮችን በደቂቃ መለየት ቀርቶ በቦታ መለየት፣ ማለት በአንድ የሐዲድ ክፍል አንድ ባቡር ብቻ ማስገባት እንደሚሻል ክርክሩ በረታ። ኩባንያዎቹ ግን ወጪውን ፈሩ። በሕግ የተገደዱት በ1889 ነው፤ ለዚያውም በአየርላንድ በአርማ ከተማ አጠገብ 80 ሰው ካለቀ በኋላ! ከክሌይተን እስከዚያ 28 ዓመት አለፈ።

ደግሞ በቀዩ ፊት መቆም ብቻውን አያድንም። ዲሴምበር 24 ቀን 1910 በሰሜን እንግሊዝ በሆዝ መገናኛ ጣቢያ አጠገብ፣ ፉርጎ ያልተቀጠለባቸው ሁለት ሞተሮች በቀዩ ምልክት ፊት ቆመው ይጠባበቁ ነበር። 55ኛው የሚባለው የሠራተኞች ደንብ፣ ባቡር በምልክት ፊት ሲዘገይ ከሠራተኞቹ አንዱ ወደ ምልክት ጠባቂው ሄዶ «እዚህ አለን» ብሎ እንዲያስታውሰው ያዝዝ ነበር። 20 ደቂቃ ያህል ሲቆሙ ማንም አልሄደም። ሥራ የበዛበት ጠባቂ ረሳቸው፤ ለሚመጣው ፈጣን ባቡር መንገዱን ከፈተ። ሞተሮቹም ምልክቱ ለእነርሱ የተከፈተ መስሏቸው ቀስ ብለው ሄዱ። ፈጣኑ ባቡር ከኋላ ደረሰባቸው፤ ፉርጎዎቹ በእሳት ተያያዙ፤ 12 ሰዎች ሞቱ።

ዛሬ በዚያው አገር የሚሠራበት ደንብ የእነዚህን አደጋዎች ጠባሳ ይዟል። ምልክቱ ተበላሽቶ ቀይ ቢቀር፣ ነጂው ቆሞ ጠባቂውን በሬዲዮ ወይም በስልክ ያነጋግራል። የባቡሩንና የምልክቱን ቍጥር ይናገራል። ጠባቂው መንገዱን አረጋግጦ ያንኑ አንድ ምልክት ብቻ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል፤ ነጂውም የተባለውን ቃል መልሶ ይደግማል። ከዚያም እንቅፋት ቢያይ ሳይደርስበት ሊያቆም በሚችልበት ፍጥነት ይሄዳል።

ሳይፈቀድለት ለሚያልፈውም መሣሪያ ተሠርቷል። ኦክቶበር 5 ቀን 1999 በሎንዶን በላድብሮክ ግሮቭ አንድ ባቡር ቀዩን አልፎ ከሌላው ጋር ተጋጭቶ 31 ሰዎች ሞቱ። ያው ምልክት ቀደም ባሉት ስድስት ዓመታት 8 ጊዜ ያለ ፈቃድ ታልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀይ ያለፈን ባቡር ፍሬን በራሱ የሚይዝ መሣሪያ በብዙ ሺህ ምልክቶች ላይ ተተከለ። መሣሪያው ባቡሩን ያቆማል፤ ነጂው ግን ጉዞውን ከመቀጠሉ በፊት ጠባቂውን ጠርቶ የት እንዳለ መናገርና ፈቃድ መጠበቅ አለበት።