የምራቅ ዘበኞች

ቋንቋችን በሳልና አስተዋይ የሆነውን ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይለዋል፤ የተናቀ ሰው ላይ ደግሞ ምራቅ ይተፋበታል። አንድ ፈሳሽ የክብርም የንቀትም ምልክት ሆኖ ኖረ። በአፋችን የሚኖሩት ረቂቅ ፍጥረታት ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በመጀመሪያ ተደነቀባቸው፣ ቀጥሎ በጅምላ ተከሰሱ፣ ዘግይቶም ከመካከላቸው ለጥርስ ዘብ የሚቆሙ እንዳሉ ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1683 የዴልፍት ከተማው ሆላንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌውንሁክ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤ ጻፈ። ጥርሱን በየማለዳው በጨው ያሽ ነበር፤ ሆኖም በጥርሶቹ መካከል የቀረውን ነጭ ዝቃጭ ከዝናብ ውኃ ጋር ቀላቅሎ በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መነጽር ቢመለከት፣ ጥቃቅን ሕያዋን ሲርመሰመሱ አየ። ስሜቱ አድናቆት እንጂ ክስ አልነበረም።

ክሱ የመጣው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ዊሎቢ ሚለር በ1890 በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፉ፣ የአፍ ባክቴሪያዎች የምግብ ትራፊን ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፣ አሲዱም የጥርስን ማዕድን እንደሚያሟሟ አስረዳ። በ1924 ኪሊያን ክላርክ በለንደን ከተበሉ ጥርሶች ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስን ለየ። በ1954 ደግሞ በአሜሪካ ከማናቸውም ጀርም ተጠብቀው ያደጉ አይጦች ስኳር የበዛበት ምግብ እየተመገቡም ጥርሳቸው እንዳልተበላ ታየ። ፍርዱ የጸና መሰለ፤ ጀርም ከሌለ የጥርስ መበላት የለምና ሁሉም ይጥፉ!

ሆኖም አንድ ጥያቄ ነበር። ሮበርት ስቴፈን በ1940ዎቹ እንዳሳየው፣ ስኳር አፍ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ በጥርስ ላይ የተለጠፈው ስስ ንጣፍ አሲዳማ ይሆናል፤ ከዚያ ግን ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። መላሹ ማነው? ከፊሉ ምራቅ ራሱ፣ በተለይም በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት ነው። ከፊሉ ግን የእነዚያው የተከሳሾች ሥራ ሆኖ ተገኘ። ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪየስ በምራቅ ያለውን ዩሪያ ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል፤ የቅርብ ዘመዶቹ ሳንጉዊኒስና ጎርዶኒ አርጂኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ያንኑ አሞኒያ ያመነጫሉ። አሞኒያውም አሲዱን ያበርደዋል። በኩላሊት ሕመም ምክንያት ምራቃቸው ዩሪያ የበዛበት ሕፃናት የተበላ ጥርስ ጥቂት ሆኖ መገኘቱ ይህንኑ ያጠናክራል። በ2016 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤ12 ያሉት ባክቴሪያ ደግሞ አሲዱን ከማብረዱ በላይ የሚውታንስን እድገት ሲገታ ታይቷል። እሾህን በእሾህ ማለት ይኸው አይደል?

አንባቢ ሆይ፣ ይህ መፋቂያውንም ብሩሹንም የሚያስጥል የምሥራች አይደለም። ዘበኞቹ ጉልበታቸው የተወሰነ ነው። በየሰዓቱ ጣፋጭ በጎረስን ቁጥር አሲድ የሚስማማቸውን እንቀልባለን፤ አሲድ የማይስማማቸው ጠባቂዎች ደግሞ ይመናመናሉ። እንግዲህ ጥርሳችንን የሚበላው ከውጭ የመጣ ወራሪ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጎጆ ከሚኖሩት መካከል ማንን እንዳበላን የሚወስነው የእኛው እጅ ነው። አንድ ሌባ ስለተገኘበት መንደሩን ሁሉ የሚያቃጥል ዳኛ፣ ሌሊቱን ሲጠብቁለት የነበሩትንም አብሮ ያቃጥላል።