ዝናብ አይታማም

በወልድያ የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም በጥር ወር 2009 ዓ.ም ተመረቀ። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ሜዳ በሰሜን ወሎ ይሠራል ብሎ ቀድሞ ያሰበ ሰው እምብዛም አልነበረም። እኔም በዚያው ዓመት በበልግ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ሰንብቼ፣ አንድ እሑድ ከጎብዬ ተሳፍሬ የወልድያን ቡድን ለመደገፍ ሄድሁ።

ጨዋታው እንደተጀመረ ሰማዩ ጠቆረ፤ ወዲያውም ዶፍ ወረደ። ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ወርውሮ ቢለቃት ውኃው ላይ ተኝታ ቀረች እንጂ አልነጠረችም። ፊሽካውን ነፋና ተጫዋቾቹን አስወጣ። እኛ ግማሾቻችን በላስቲክ፣ ግማሾቻችን በጋቢ ተሸፍነን እንጠብቅ ጀመር።

ከአጠገቤ አንድ አዛውንት ገበሬ ተቀምጠው ነበር። «አባቴ፣ ይህ ዝናብ ሌላ ቀን ቢመርጥ ምን ነበረበት?» አልኋቸው።

«ተው ልጄ፣ ዝናብ አይታማም። ኳሱ ይደርሳል» አሉኝ።

አፈርሁ። የራያ ቆላ ሰው ሆኖ ዝናብን ማማት ታሪክን መርሳት ነው። የ1966ቱን ረሀብ አባቶቻችን ያውቁታል። በ1977 ዓ.ም ጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ለዓለም ያሳዩት እልቂት የነበረው ከቆቦ በስተሰሜን በምትገኘው ኮረም ነው፤ ያን ጊዜ የዝናብ እጦትና ጦርነት ተባብረው ሕዝቡን ፈጁት። የ2007 ዓ.ም ክረምትም በኤልኒኖ ምክንያት ከድቶን ነበር። አዛውንቱ ሜዳው ላይ የሚያዩት ኩሬ ለእርሳቸው ማሽላ ነበር።

የአገራችን እግር ኳስ ከዝናብ ጋር የተስማማው ከጥንት ጀምሮ ይመስለኛል። ሊጉ የሚያርፈው በክረምት ነው። ኢትዮጵያ በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም ያዘጋጀቻቸው ሦስቱም የአፍሪካ ዋንጫዎች የተካሄዱት ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም የአዲስ አበባ ተመልካች ግብጽን ስንገጥም ሁለት ጊዜ ስንመራ አይቶ ሁለት ጊዜ ታግሷል። ሉቺያኖ ቫሳሎ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አቻ አደረገን፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው 4 ለ 2 አሸነፍን። የጠበቀ ሰው ዋንጫ አየ።

በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ዝናብ ሲመጣ ሜዳውን በሰፊ ሸራ ይሸፍኑታል፤ ተመልካቹም ለሰዓታት ይጠብቃል። ጨዋታው ከቀረ ደግሞ የትኬቱ ቁራጭ ለሌላ ቀን መግቢያ የሚሆንበት ልማድ ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ አለ። ዝናብ የወሰደው ቀን ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው፤ እኔ የባንክ ሰው ስለሆንሁ ይህ ሥርዓት ደስ ይለኛል።

ያን እሑድ ዝናቡ አባራ፤ ጨዋታውም ቀጠለ። ከአጠገቤ ከነበሩት ቀድሞ ወደ ቤቱ የሄደ አልነበረም።

ነገር ግን ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም ወልድያ ከመቀሌ ከተማ ሊጫወት የነበረው ግጥሚያ ቀረ። ክረምቱ ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ ያስቀረውም ዝናብ ሳይሆን ጠብ ነው። የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው የውድድር ዘመን ቡድናችን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ከዚያም በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ በዚሁ በቆቦና በጎብዬ መንገድ አልፎ ወልድያ ገባ።

ዛሬም በምዕራቡ ተራራ ላይ ደመና ሲቋጠር እኒያ አዛውንት ይታወሱኛል። «ኳሱ ይደርሳል» ያሉት ስለ ዝናብ ነበር። ሰው ስላስቀረው ጨዋታ አልጠየቅኋቸውም፤ ያን ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም አላውቅም ነበር።