ያልተተከለ ወሰን፤ የወልወል ታሪክ

በአገራችን የገበሬ ልማድ ሁለት ጎረቤቶች በመሬት ሲከራከሩ ሽማግሌዎች ተጠርተው ከስፍራው ይደርሳሉ፤ ዳር ዳሩን ረግጠው ካዩም በኋላ የድንበር ድንጋይ ያስተክላሉ። የክርክሩ መዝጊያ ይህ ነው። «ከዛፉ ወዲህ ያንተ፥ ከዛፉ ወዲያ የኔ» ተባብለው በቃል ብቻ የተለያዩ ጎረቤቶች ግን ዛፉ በወደቀ ዕለት እንደገና መጣላታቸው አይቀርም። የመንግሥታትም ነገር በስፋቱ ቢለይ እንጂ በባሕርዩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አንድ አገር መንግሥት ለመባል ሕዝብ፥ ግዛት፥ አስተዳደርና ለሌላ የማይገዛ ሥልጣን ያስፈልጉታል። ግዛቱ የሚታወቀው በወሰኑ ነው። በቀድሞ ዘመን መንግሥታትን የሚለያቸው በብዙው ጠረፍ ነበር። ጠረፍ ስፋት ያለው አገር ሲሆን፥ የአንዱ ሥልጣን እየቀነሰ የሌላው እየበረታ የሚሄድበት ነው። ወሰን ግን ስፋት የሌለው መስመር ነው። ይህም መስመር በሦስት ደረጃ ይፈጸማል። መጀመሪያ መንግሥታቱ ግዛቱ ለማን እንደሚሆን ይስማማሉ፤ ሁለተኛ መስመሩን በውል ቃልና በካርታ ይገልጻሉ፤ ሦስተኛ ባለሙያዎች ልከው በመሬቱ ላይ ምልክት ያስተክላሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል የሚመጣውን መዘዝ የወልወል ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ከተገኘ በኋላ፥ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አጸና፤ ወሰኑም በአንድ ዓመት ውስጥ በስምምነት እንዲቈረጥ አዘዘ። በዚሁ ዓመት የኢጣልያ መልእክተኛ ኔራዚኒ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በሶማሌ በኩል ያለውን ወሰን በካርታ ላይ አስምረው ሰጡት። መስመሩ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ 180 ማይል ያህል ርቆ ከባሕሩ ትይዩ የሚሄድ እንደ ነበረ በጊዜው ተነግሯል። የኢጣልያም መንግሥት ተቀበለው። ነገር ግን መስመሩን ዘርዝሮ የሚገልጽ፥ ሁለቱ ወገኖች የፈረሙበት ውል አልተጻፈም፤ ካርታውም ኋላ በተፈለገ ጊዜ ሊቀርብ አልቻለም።

ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነበር። ዳዋና ገናሌ ከሚገናኙበት ከዶሎ እስከ ዋቢ ሸበሌ ያለው ወሰን በጐሣዎች ይዞታ እንዲለይ ተደረገ። ከዋቢ ሸበሌ ወዲያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግን መስመሩ ኢጣልያ በ1889 ዓ.ም. የተቀበለችው ይሆናል ተባለ፤ ኦጋዴንና ወደ ኦጋዴን ያሉት ጐሣዎች አገር ለኢትዮጵያ፥ ወደ ባሕሩ ያሉት ጐሣዎች አገር ለኢጣልያ ሆነ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ አዲሱ ውል የተደገፈው በማይገኘው ካርታ ላይ ነው። ጐሣውም ቢሆን ግመሉን ነድቶ ዝናብ ተከትሎ የሚጓዝ ስለሆነ፥ በአንዱ ወራት ከዚህ ጉድጓድ በሌላው ወራት ከዚያ ጉድጓድ የሚያጠጣ ሕዝብ የማይነቃነቅ የወሰን ምልክት ሊሆን አይችልም። ሁለቱ መንግሥታት መስመሩን ሳይዘገዩ በመሬት ላይ ሊያስተክሉ ቃል ቢገቡም፥ ሥራው ሳይፈጸም ቀረ።

ወልወል በኦጋዴን የብዙ ጉድጓዶች ስፍራ ናት። በዚያ ደረቅ አገር ጉድጓዱን የያዘ ግጦሹን፥ ግጦሹን የያዘም ሕዝቡን መያዙ ነው። ይህን የተረዳችው ኢጣልያ በ1922 ዓ.ም. በስፍራው ወታደር አሰፈረች። ኅዳር 14 ቀን 1927 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ ሶማሌ መካከል ያለውን የግጦሽ አገር ሲመረምር የነበረው የሁለቱ መንግሥታት ኮሚሲዮን ከዘበኞቹ ጋር ወልወል ደረሰ፤ የኢጣልያ ጦርም አላሳልፍ አለው። የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሰፈሩ ላይ ሲያንዣብቡ፥ ኮሚሲዮኑ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ የኢትዮጵያ ዘበኞች ግን ከስፍራቸው አልተነቃነቁም። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተና ከኢትዮጵያ ወገን ብቻ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

ኢጣልያ ይቅርታና ካሣ ስትጠይቅ፥ ኢትዮጵያ ነገሩ በዳኝነት እንዲታይላት ለመንግሥታት ማኅበር አመለከተች። ብዙ ከተዘገየ በኋላ የሽምግልና ዳኞች ተሰየሙ፤ ነገር ግን በኢጣልያ ተቃውሞ ምክንያት «ወልወል የማን ናት?» የሚለውን ጥያቄ እንዳይመረምሩ ተደረገ። የመሬት ክርክር እንዲያዩ የተጠሩ ሽማግሌዎች ድንበሩን እንዳይረግጡ ተከለከሉ ማለት ነው። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በሰጡት ፍርድ ለግጭቱ ማንኛውንም ወገን ተጠያቂ አላደረጉም። ከአንድ ወር በኋላ፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር መረብን ተሻገረ።

እርግጥ ነው፤ ሙሶሊኒ ጦርነቱን ቀደም ብሎ ያሰበው ስለሆነ፥ በወልወል የተተከለ ድንጋይ ብቻውን ባልመለሰውም ነበር። ቢሆንም ወሰኑ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ፥ ወራሪው ሰበቡን ሌላ ቦታ መፈለግ፥ የመንግሥታት ማኅበርም ጥፋተኛውን አላወቅሁም ለማለት መቸገር ነበረበት።

ጉድለቱ ከጦርነቱም በኋላ አልተሞላም። በ1942 ዓ.ም. ሶማሊያ በኢጣልያ ሞግዚትነት ስትተዳደር፥ እንግሊዝ ያሰመረችው ጊዜያዊ የአስተዳደር መስመር በወሰኑ ፈንታ ገባ። ሰኔ 24 ቀን 1952 ዓ.ም. ሶማሊያ ነጻ ስትወጣም ያው እንደ ነበረ ነው። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በካይሮ ተሰብስቦ፥ አባሎቹ በነጻነታቸው ቀን ያገኙትን ወሰን እንዲያከብሩ ሲወስን፥ ሶማሊያ አንድ ሕዝብ በመስመር ተከፋፍሏል በማለት አልተቀበለችውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በዚያው ምድር ዳግመኛ ብዙ ደም ፈሰሰ። ዛሬም ቢሆን ይህ ረጅም ወሰን በሙሉ በምልክት ተለይቶ አልተተከለም።

ይህ ታሪክ የጦር አለቆችና የዲፕሎማቶች ብቻ አይደለም። አንድ ካርታ ቀርቶ አንዲት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በቍጥር ተይዛ መገኘቷ፥ ወይም አለመገኘቷ፥ ከአርባ ዓመት በኋላ የአገር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ውል የሚጽፍ ሁሉ ቃሉን በማይነቃነቅ ነገር ላይ ያቁመው፤ ውል የሚያስቀምጥም ለራሱ ጊዜ ሳይሆን ለማያውቀው ጠያቂ እንደሚያስቀምጥ ይወቅ።