አንድ ፒካፕ በሁለት ጊታር

ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ያረፈው የድሬዳዋው ተወላጅ አሊ ቢራ ዑድንም ጊታርንም የተጫወተ የሙዚቃ ሰው ነበር። ሁለቱ መሣሪያዎች ግን ድምፃቸውን የሚያገኙት ከተለያየ ምንጭ ነው። በዑድም ሆነ በክራር ድምፁን የሚያጎላው የመሣሪያው ሆድ ነው፤ ስለዚህም በእነዚህ መሣሪያዎች ያደገ ጆሮ አስቀድሞ ስለ እንጨቱና ስለ ቆዳው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የኤሌክትሪክ ጊታር ሲመጣ ጥያቄው ወደ ፒካፑ ዞረ።

ፒካፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ቦሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1931 በጊታር ላይ ከሠራበት ጊዜ አንሥቶ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። የብረት አውታር በማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የናይለን አውታር የተወጠረበት ክራር ቢቀርብለት ግን ዝም ይላል፤ የሚያዳምጠው የብረቱን እንቅስቃሴ እንጂ አየሩን አይደለምና።

እንግዲህ ከሞጆና ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚሠራ አንድ ጊታሪስት፣ ያደነቀውን ድምፅ ፍለጋ ገንዘቡን አጠራቅሞ ያንኑ ፒካፕ ቢያስመጣና ድምፁ ሌላ ቢሆንበት፣ ተታለልሁ ከማለቱ በፊት ሊያጤነው የሚገባ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ሦስት ተመሳሳይ ፒካፖች ነበሩት። ሆኖም በብሪጁ አጠገብ ያለው ስል፣ ወደ አንገቱ የቀረበው ወፈር ያለ ድምፅ ይሰጣል። አውታር በርዝመቱ ሁሉ እኩል አይርገበገብም። ሳይጫን በተመታ አውታር ርዝመት አንድ አራተኛ ላይ የተተከለ ፒካፕ፣ ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር አብረው ከሚወጡት ረቂቅ ድምፆች አራተኛውን አይሰማም ለማለት ይቻላል። አንድ ጊታር በራሱ ላይ እንዲህ ከተለያየ፣ በሁለት ጊታሮች መካከል ልዩነት መኖሩ ምን ያስደንቃል?

የስትራቶካስተር አውታር ርዝመት 648 ሚሊሜትር ሲሆን የጊብሰን ሌስ ፖል 628 ገደማ ነው፤ ፒካፑ ከብሪጁ እኩል ቢርቅም የሚያርፍበት ነጥብ አንድ አይሆንም። የድምፅ መቆጣጠሪያውም በፌንደር አብዛኛውን ጊዜ 250፣ በጊብሰን 500 ኪሎ ኦም ነው። አነስተኛው ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሰዋል፤ ረጅም ኬብልም እንዲሁ። እንጨቱም የአውታሩን ርግብግብ ስለሚነካ ድርሻ አለው፤ የሚወራለትን ያህል መሆኑ ግን ያጠራጥራል።

‹‹አንድ ዓይነት›› የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። ጊብሰን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ገበያ ባወጣቸው ዝነኛ ፒካፖች የሽቦው ዙር ብዛት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያይ ነበር።

ርካሹ ምርመራ በካቻቢቴ የሚደረገው ነው፦ ፒካፑን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ። ለአውታሩ ከልክ በላይ ከቀረበ ግን ማግኔቱ አውታሩን ስቦ ይይዘዋል፤ ቅኝቱም ይዛባል።