ቻርለስተን፦ የአሜሪካ ባርነትና የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ በአንድ ወደብ

እ.ኤ.አ በ1807 አንዲት የባሪያ መርከብ ከምዕራብ አፍሪካ ተነስታ በደቡብ ካሮላይና ግዛት ወደምትገኘው ቻርለስተን ወደብ ደረሰች። ከጫነቻቸው ሰዎች መካከል ዑመር ኢብን ሰዒድ አንዱ ነበሩ። ዛሬ ሴኔጋል ውስጥ በሚገኘው ፉታ ቶሮ ተወልደው ለ25 ዓመታት ያህል ዒልም የቀሰሙ ሙስሊም ናቸው። ባሪያን ከውጭ ማስገባት የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1808 ነው። ለእርሳቸው ጥቂት ዘግይቷል።

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የጄኔራሎችን ስም ነው። እኛ ግን ታሪኩን ከዚህች ወደብ እንጀምራለን። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በይደር የቆየ በደል

አሜሪካ በ1776 ነጻነቷን ስታውጅ ሰዎች ሁሉ እኩል መፈጠራቸውን ጽፋ ነበር። በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ግን «ባሪያ» የሚለውን ቃል ሳይጠራ ለባርነት ከለላ ሰጠ። የምክር ቤት ውክልና ሲሰላ አምስት ባሪያዎች እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠሩ፣ ያመለጠም ለባለቤቱ እንዲመለስ ደነገገ።

ሰሜኑ ቀስ በቀስ ባርነትን ሲተው፣ ደቡቡ በጥጥ እርሻ ሀብት ይበልጥ ተጣበቀበት። በምዕራብ አዳዲስ ግዛቶች በተመሠረቱ ቁጥር «ባርነት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» የሚለው ጠብ ይነሳል። በ1820 እና በ1850 ፖለቲከኞች እየተደራደሩ አለፉት። በ1857 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ሲል ፈረደ። በ1860 ቆጠራ በባርነት ያሉት ሰዎች ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግተው ነበር።

ዑመርም ከነዚህ አንዱ ነበሩ። ከጨካኝ ጌታ አምልጠው ሰሜን ካሮላይና ፋየትቪል ውስጥ ታሰሩ፤ በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይም በዐረብኛ ጻፉ። ኋላ ለሌላ ቤተሰብ ተሸጡ። ክርስትናን እንደተቀበሉ ቢመዘገብም፣ በ1831 በዐረብኛ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው የሚከፈተው በሱረቱል ሙልክ ነው። ንግሥና ሁሉ የአላህ መሆኑን በምታውጀው ሱራ መሆኑ ነው! ጽሑፉን ከ2017 ጀምሮ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይዞታል።

ጦርነቱ

በኖቬምበር 1860 የባርነትን መስፋፋት የተቃወሙት አብርሃም ሊንከን ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ። ዲሴምበር 20 ደቡብ ካሮላይና መገንጠሏን አወጀች፤ ሰነዱም የተፈረመው በዚያችው በቻርለስተን ነው። በድምሩ 11 ግዛቶች ተገነጠሉ። ኤፕሪል 12 ቀን 1861 የተገንጣዮቹ መድፎች በወደቧ መግቢያ ላይ ያለውን ፎርት ሰምተርን ደበደቡ፤ ጦርነቱም ተጀመረ።

ሊንከን መጀመሪያ የተዋጉት አገሪቱን አንድ ለማድረግ እንጂ ባርነትን ለማጥፋት አልነበረም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ግን በአመፁ ግዛቶች ያሉ ባሪያዎች ነጻ መሆናቸውን አወጁ። ከዚያም ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ጥቁሮች በሰሜኑ ጦር ተሰለፉ። ከእነርሱ አንዱ ከቦርኖ የተወለደውና በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው ሙሐመድ ዓሊ ቢን ሰዒድ ነው። በ55ኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር ሳጅን ነበር።

በፌብሩዋሪ 1865 ይኸው የጥቁሮች ክፍለ ጦር ቻርለስተን ገባ። ኤፕሪል 9 ጄኔራል ሊ እጃቸውን ሰጡ። ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች አልቀዋል። ሊንከንም በዚያው ሳምንት ተገደሉ። በዲሴምበር 1865 የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን በመላ አገሪቱ አገደ። ጥቁሮች ግን በሕግ ፊት እኩል ለመሆን ገና አንድ ምዕተ ዓመት መታገል ነበረባቸው።

ዑመር ኢብን ሰዒድ ይህን አላዩም። በ1864፣ ከ57 ዓመታት ባርነት በኋላ፣ ነጻ ሳይወጡ አረፉ። ፖለቲከኞች «ለሰላም ሲባል» ጥያቄውን በይደር ባቆዩ ቁጥር ዋጋውን የከፈሉት በድርድሩ ያልተጠሩት ነበሩ። በደልን ማቆየት ሰላም አላመጣም፤ የኋላ ኋላ ሂሳቡን ያወራረደው ጦርነት ሆነ። ይህን ታሪክ ስናነብ ልንይዘው የሚገባን ትምህርትም ይኸው ነው።