ሽጉጡ የት ያድራል? በአፉላ የመሣሪያ ባለቤቶች ጥብቅናና የዘነጋው ጉዳይ

በእስራኤል ስለ አዳኞች፣ ስለ ዓሣ አጥማጆችና ስለ መሣሪያ ባለቤቶች ማን እንደሚሟገት ለማወቅ የተነሣ አጥኚ ከሦስቱ ሁለቱን ቶሎ ይጨርሳቸዋል። አደን እዚህ አገር የብዙኃኑ ልማድ ሆኖ አያውቅም። በጥይት የወደቀ እንስሳ በሃይማኖቱ ሕግ በክት ነው፤ ከጎንደር የመጣውም ከፖላንድ የመጣውም አይሁዳዊ በዚህ አይለያዩም። በኢይዝራኤል ሸለቆ ማሳ እየገለበጠ የሚያድረውን የዱር አሳማማ ለምግብ የሚነካው አይሁዳዊ ብዙም የለም። አዳኙ በአብዛኛው ድሩዝ ወይም ዐረብ ነው፤ ቁጥሩም ትንሽ ነው። በ1955 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ደግሞ የሚነሣው ከአዳኙ ሳይሆን ከእንስሳው ነው፦ እንዲታደን ካልተፈቀደ በቀር የዱር እንስሳ ሁሉ የተጠበቀ ነው። ከሕጉ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርን ካቋቋሙት አንዱ አዛርያ አሎን የኖረው ከአፉላ ብዙም በማይርቀው በኪቡትስ ቤት ሃሺታ ነበር። ከዚህ ሸለቆ የወጣው ስመ ጥር ተሟጋች የቆመው ለጠመንጃው ሳይሆን ለጊልቦዓ ሚዳቋ ነው ማለት ነው። ዓሣ አጥማጁም ቢሆን፣ ጣናን የሚያውቅ ሰው በገሊላ ባሕር የቆሮሶን ዘመድ ያገኛል እንጂ ሙግት የሚባል ነገር ብዙም አይገጥመውም። የሚቀረው የሽጉጥ ባለቤቱ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

ለማነጻጸር አሜሪካን ማንሣት ያሻል። የቬርሞንት ሕገ መንግሥት በ1777 የማደንና የማጥመድን ነጻነት ጽፏል፤ ዛሬ ከ20 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ አንቀጽ አላቸው። የአዳኞች ተሟጋቾች በየግዛቱ ምክር ቤት የሚደመጡት ግን በዚህ አንቀጽ ብቻ አይደለም። በ1937 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዛሬ በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ፣ በሽጉጥ ላይ 10 በመቶ የሆነው ታክስ በቆዳ ስፋትና ፈቃድ ባወጡ አዳኞች ቁጥር እየተሰላ ለየግዛቱ የዱር አራዊት ጥበቃ እንዲከፋፈል ያደርጋል። ተሟጋቹ መብት ሲጠይቅ የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ነው የሚቀርበው። ነገሩን ከልክ በላይ ማሳመርም አይገባም፤ ሚዳቋ አይቶ የማያውቅ የከተማ ሽጉጥ ገዢም ያንኑ ታክስ ይከፍላል፣ የዚያ አገር የሽጉጥ ሟችም ብዙ ነው። ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ይወሰዳል፤ እዚያ ጥብቅናው ከመብት ጋር ዕዳ ተሸክሟል።

የእስራኤሉ ጥብቅና ዕዳ የለበትም። በ1949 የወጣው የመሣሪያ ሕግ ሽጉጥን መብት አላደረገውም፤ መንግሥት ሲያምንበት የሚሰጠው፣ ሲያሻው የሚነሣው ፈቃድ ነው። አመልካቹ ዕድሜውን፣ የውትድርና አገልግሎቱን፣ የሚኖርበትን ቦታና ጤንነቱን አስመስክሮ፣ ተኩስ ተለማምዶ አንድ ሽጉጥ ይይዛል። መስፈርቱ በ2018 ላላ፤ ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ጥቃት በኋላ ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የሚያዘው ጥይት ከ50 ወደ 100 አደገ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የአዲስ ፈቃዶች ቁጥር 100,000 መድረሱ እንደ በዓል ተነገረ። ይህን ዘመቻ የመራው ማኅበር ወይም የሻጮች ኅብረት አልነበረም፤ የፈቃድ ክፍሉ ተጠሪ የሆነለት የብሔራዊ ደኅንነት ሚኒስትሩ ኢታማር ቤን ግቪር ራሱ ነበር። ተሟጋቹና ዳኛው አንድ ሰው ሲሆኑ ማን ማንን ይጠይቃል? በታኅሣሥ 2023 ሥልጣን የሌላቸው ሠራተኞች ፈቃድ ማጽደቃቸው ሲጋለጥ የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ ሥራውን ለቀቀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስንት ሰው እንደታጠቀ በየሳምንቱ ሲነገር፣ የታጠቀው ሰው ማታ መሣሪያውን የት እንደሚያኖር የጠየቀው ጥቂት ነው።

በአፉላ ይህ ጥያቄ ቅርብ ነው። ከኢትዮጵያ ከመጡት ቤተሰቦች ብዙ ልጆች ከውትድርና በኋላ የሚገቡት በጥበቃ ሥራ ነው፤ በትምህርት ቤት በር፣ በገበያ አዳራሽ፣ በአውቶቡስ ጣቢያ። የጥበቃ ሠራተኛው ሽጉጥ የራሱ አይደለም፤ የድርጅቱ ነው። ሥራው ሲያበቃ ግን ቀበቶው ላይ ሆኖ አብሮት ደረጃውን ይወጣል፣ እራት እስኪቀርብ ካርታው ወልቆ ወይም ሳይወልቅ ከምግብ ጠረጴዛው ጥግ ይቀመጣል። ከሐይፋ ሴቶች ተነሥቶ ይህን ጠረጴዛ ስሙ ያደረገ ጥምረት ባጠናቀረው መዝገብ፣ ከ2002 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ወደ ቤት በተወሰደ የጥበቃ ሽጉጥ 33 ሰዎች ተገድለዋል። ሠራተኛው መሣሪያውን በሥራ ቦታ ትቶ እንዲሄድ የሚያዝዘው ግዴታ ቀድሞም በሕጉ ነበር፤ በተግባር የታዘዘው ግን በ2013 ነው፤ በ2014 በኢየሩሳሌም ከደረሰ ጥቃት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ላላ። ማላላቱ ማንን ይጠቅማል ቢባል፣ መልሱ ጥበቃውን አይደለም። በየሥራ ቦታው የብረት ካዝና ማቆም፣ ማስረከቢያ መዝገብ መያዝ፣ ተረካቢ መመደብ ወጪ ነው፤ ሽጉጡ ሠራተኛው ቤት ሲያድር ወጪው ከድርጅቱ ወርዶ በሚስትና በልጆች ላይ ይጫናል።

ቢላም ይገድላል፣ ገመድም ይገድላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ከእኛ ማኅበረሰብ በባሎቻቸው የተገደሉ ሴቶች ቁጥር ከድርሻችን በላይ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በጥይት አልሞቱም፤ ስለዚህ ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ግን የእስራኤል ጦር ራሱ የሠራው ሙከራ አለ። በ2006 ወታደሮች ለሰንበት ዕረፍት ሲወጡ ጠመንጃቸውን በሰፈር እንዲተዉ ታዘዘ። ከዚያ በፊት በዓመት በአማካይ 28 የነበረው ራስን የማጥፋት ቁጥር ወደ 16.5 ወረደ፤ 40 በመቶ ገደማ። የቀነሰውም በሰንበት እንጂ በሥራ ቀናት አይደለም። ጭንቀቱ፣ ዕድሜው፣ አዛዡ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ጠመንጃው ያደረበት ቦታ ነው። መሣሪያ ያጣው ወጣት ሌላ መንገድ ፈልጎ ያው ይሞታል የሚለው ግምት ይህን ቁጥር ማስረዳት አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከተማዋ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1994 አፉላ ውስጥ በአውቶቡስ አጠገብ የፈነዳ መኪና 8 ሰዎች ገድሏል፤ ግንቦት 19 ቀን 2003 በገበያ አዳራሹ መግቢያ በአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት 3 ሰዎች ተገድለዋል። እንዲህ ያለውን ላየ ነዋሪ ሽጉጥ አትያዝ ማለት ቀልድ ነው፤ የታጠቀ ዜጋ ጥቃት ያስቆመባቸው ጊዜያት መኖራቸውም ሐቅ ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ላይ መታጠቅ የሚጠቅመው ሁሉንም እኩል አይደለም። በጥቅምት 2015 በቤርሼባ አውቶቡስ ጣቢያ ጥቃት ሲደርስ ኤርትራዊው ስደተኛ ሀብቶም ዘርሁም አጥቂ መስሎ በጥበቃ ጥይት ተመታ፤ ወድቆ ሳለም ሕዝቡ ደበደበው፤ ሞተ። በኅዳር 2023 በኢየሩሳሌም አጥቂዎችን በሽጉጡ የመታው ዩቫል ካስትልማን እጁን አንሥቶ ሳለ በወታደር ተገደለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ሽጉጥ መዝዞ ቢቆም ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት ለአፉላ አንባቢ አያዳግትም።

ሦስተኛው ከራሳችን ወገን የሚመጣ ነው፦ መሣሪያ ክብር ነው፣ አባቶቻችን ያለ ምንሽር አይወጡም ነበር። ትውስታው ግን ግማሹን ነው የሚናገረው። በገጠር ጎጆ ከምሰሶው የተሰቀለው ጠመንጃ በዘመድ አዝማድ ዓይን ሥር ነበር። ባል ሲቆጣ ሚስት ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፣ ሽማግሎች ይገባሉ፣ ቁጣው እስኪበርድ ጎረቤት መሣሪያውን ይረከባል። አፓርታማው ውስጥ ሽማግሌው የለም፤ ቢኖርም ልጁ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ሆኖ ቃሉን አይሰማውም። ኢትዮጵያ እንኳ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሣሪያን በፈቃድና በመዝገብ አስራዋለች። ክብሩን ይዘን መጥተን ጠባቂውን ግን እዚያው ትተነዋል።

ስለዚህ በአፉላ ለመሣሪያ ባለቤት የሚሟገት ሰው ፈቃድ ይቅለል ከማለቱ በፊት ካዝና ይጠይቅ። ከፈቃድ ክፍያው ለቤት ካዝና የሚውል ድርሻ ይመደብ፤ የአሜሪካው አዳኝ ለሚዳቋ ከከፈለ የእኛው ለልጆቹ መክፈል አይከብደውም። ካናዳ በማመልከቻው ቅጽ ላይ የትዳር ጓደኛን ፊርማ ትጠይቃለች፤ ፊርማው ከታጣ ባለሥልጣኑ ራሱ ለትዳር ጓደኛው ያሳውቃል፤ ይህም ሊቀዳ የሚገባው ነው። ሕግ እስኪወጣ ግን ውል አለ። ጥበቃ ሊቀጠር የተዘጋጀ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ውሉን ስታዩ ደመወዙን ከሚናገረው መስመር ቀጥላችሁ የማስረከቢያውን ካዝና የሚናገረውን ፈልጉ፤ ከሌለም ሳይጻፍ እንዳይፈርም ንገሩት።