ሰንጠረዥና ወረራው

የእግር ኳስ ወዳጅ በየሳምንቱ የሚመለከተው «የደረጃ ሰንጠረዥ» ስሙን የወረሰው ሰንጠረዥ ከሚባለው ከአገራችን ነባር የቼዝ ጨዋታ ገበታ ነው። የቃሉ መነሻ ሕንድ ነው። በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ማለት «አራት ክፍል ያለው» ሲሆን፣ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ያሉት ጦር ይጠራበት ነበር፤ ኋላም የጨዋታው ስም ሆነ። ፋርሶች «ቻትራንግ» አሉት፣ ዐረቦች «ሸጥረንጅ»። አማርኛ «ሸ»ን በ«ሰ»፣ «ጅ»ን በ«ዥ» ተካ፤ ከ«ረ» ኋላ የነበረችውንም «ን» አሻግሮ ከ«ጠ» ፊት አስቀመጣት።

ጠጠሮቹም በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። «ፊል» ዝሆን ነው። «መደቅ» ከዐረብኛው «በይደቅ»፣ እሱም እግረኛ ከሚለው የፋርስ ቃል ይወለዳል። «ፈርዝ» በፋርስኛ የንጉሥ አማካሪ ነው። አውሮፓውያን ይህን አማካሪ ንግሥት አድርገው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገበታውን ሙሉ ሲያስረክቧት፣ የእኛው ፈርዝ ግን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ እየተራመደ ዘለቀ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ አከፋፈቱ ነው። ስሙ «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ጎበዙ ተጫዋች ዐይኑን ከባላጋራው እጅ አይነቅልም፤ የዚያኛው አሰላለፍ ሲለወጥ የራሱን አፍርሶ እንደገና ይሠራል። አንድ ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል።

ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ እንደተጫወቱ ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ያየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም የጨዋታው ወዳጅ እንደነበሩ መስክሯል። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ጨዋታውን በዝርዝር ገልጾታል። ተመልካቹ ዝም አይልም ነበር፤ ጮክ ብሎ ይመክር ነበር። ንጉሡን በፈረስ መግደል ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ በመደቅ መግደል ግን ያስከብር ነበር።

ዛሬ ዓለም አቀፉን ጨዋታ «ቼዝ» እንለዋለን። ይህ ስም የመጣው «ሻህ» ከሚለው የፋርስ ቃል፣ ማለትም ከንጉሡ ነው። ሰንጠረዥ ግን የተሰየመው በጦሩ ነው፤ ሠራዊቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሚነሣበት ወረራም ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።